እናቴ በሰንበት የአደጋ ጊዜ መጥሪያውን አትነካም፤ የቄሶቻችንን ሥርዓትና ሕክምናውን እንዴት ላስማማ?

ጠያቂ፦ የአምቦበር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ነውና በትዕግሥት አንብባችሁ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እናቴ ዕድሜዋ ሰማንያን ካለፈ ቆይቷል። ጎንደር አካባቢ በምትገኘው አምቦበር ተወልዳ ያደገች ቤተ እስራኤል (ኢትዮጵያዊት አይሁዳዊት)፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ወገኖቻችንን በአውሮፕላን ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከገቡት አንዷ ናት። አሁን የምትኖረው ብቻዋን ሲሆን የእኔ ቤት ከእርሷ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የስኳር ሕመም ካደረባት ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ባለፈው ክረምት በአንድ የሰንበት ጠዋት ስኳሯ ወርዶ ወለሉ ላይ ወድቃ ጎረቤቷ አገኘቻት፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ ክንዷ ላይ የሚለጠፍ፣ የስኳሯን መጠን እየለካ ወደ ስልኳ የሚልክ ሴንሰር አዘዘላት። እኛም አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው የአደጋ ጊዜ መጥሪያ አስገባንላት።

ችግሩ የሚመጣው ዓርብ ሲመሽ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጥሪያውን አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ስልኩንም ታጠፋዋለች። ስልኩ ከጠፋ ደግሞ የሴንሰሩ ማስጠንቀቂያ ለእርሷም ለእኔም አይደርስም። በሳምንቱ ውስጥ ሠራተኛም ነርስም ወደ ቤቷ የማይመጣበት ብቸኛው ቀን ሰንበት ነው፤ መሣሪያዎቹ ሥራ የሚያቆሙትም በዚያው ቀን ሆነ።

የእናቶቻችንን ሰንበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «በሰንበት ቀን በቤታችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ» የሚለውን የኦሪት ቃል ቄሶቻችን የተቀበሉት እሳቱ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ጠፍቶ እንዲያድር ነው። ምድጃው ዓርብ ይጠፋል፣ ምግቡ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ በማግሥቱ ቀዝቃዛው ይበላል። እናቴ ዛሬም የምትኖረው እንዲሁ ነው፤ ለእርሷ ኤሌክትሪክም እሳት ነው። እኔ ደግሞ በሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግሁ በመሆኔ በቤቴ ፕላታው፣ ማለትም ምግብ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ከዓርብ ጀምሮ ይግላል፣ መብራቱም ቀድሞ በተሞላ የሰንበት ሰዓት ይበራል፣ ይጠፋል። ባለቤቴ ለእናቴ ፕላታ ገዝታ ብትወስድላት «ለእናንተ ይሁን፤ የአባቴ ቤት እንዲህ አልነበረም» ብላ መልሳታለች።

አብራት የምታድር የውጭ አገር ሠራተኛ ቀጥረን፣ የሚነካውን ሁሉ ሠራተኛዋ ትንካ ብለንም ሞክረን ነበር። የመለሰችልን ከአሥሩ ትእዛዛት ነው። «በደጅህ ውስጥ ያለው እንግዳም ይረፍ ተብሏል፤ እኔ አርፌ የሰው ልጅ በቤቴ ሰንበትን ይሻር?» አለችን። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። በእርሷ ቤት፣ በእርሷ ሰንበት ላይ እኔ እስከ ምን ድረስ መወሰን እችላለሁ? ሕይወትን ማዳን ሰንበትን እንደሚሽር ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን ይህን የተማርሁት እናቴ ከማታውቃቸው ሊቃውንት ነው። እናትን ማክበርም የዚያው ኦሪት ትእዛዝ ነውና፣ አንዱን ስጠብቅ ሌላውን እንዳልጥስ ፈራሁ።


መልስ፦ የቤተ ሚድራሽ ተማሪ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ውስጥ ተቀላቅለው የቀረቡ ሁለት ጉዳዮች አሉና ለየብቻቸው ብንመለከታቸው ይሻላል፤ አንደኛው የሕይወት ጉዳይ ሲሆን ሁለተኛው የልማድ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያው ላይ በረቢዎቹ ሊቃውንት መካከል ክርክር የለም። «የሚያደርጋቸው ሰው በሕይወት ይኖርባቸዋል» የሚለውን የኦሪት ዘሌዋውያን ቃል የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ የሆነው ታልሙድ ሲፈታው «ይኖርባቸዋል እንጂ አይሞትባቸውም» ይላል። የታልሙድ መሠረት የሆነው ሚሽናም ከዚህ አልፎ የሕይወት አደጋ መኖሩ ጥርጥር ብቻ ቢሆን እንኳን ጥርጥሩ ሰንበትን ይሽራል ብሎ ደንግጓል። ይህ ትምህርት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በመቃብያን ዘመን በሰንበት አንዋጋም ብለው በመሸሸጊያቸው ሳሉ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ ማታትያስና ወገኖቹ በሰንበት የመጣብንን በሰንበት እንከላከላለን ብለው እንደ ወሰኑ ተጽፏል። የመካከለኛው ዘመን ታላቁ ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) ደግሞ በሰንበት ስለሚደረግ ሕክምና ሲጽፍ፣ የኦሪት ሕግጋት በዓለም ላይ ምሕረት፣ ቸርነትና ሰላም እንጂ በቀል እንዳልሆኑ ይናገራል።

አንድ ጊዜ ስኳራቸው ወርዶ ወለሉ ላይ የተገኙ፣ ኢንሱሊን የሚወጉና ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት እናት ከዚህ ሕግ ውስጥ እንደሚገቡ ማንም ሊጠራጠር አይገባም። በዚያች ሰዓት መጥሪያውን መጫን፣ ወደ አምቡላንሱ ቁጥር 101 መደወል፣ እርስዎም መኪና አስነሥተው መሄድ ግዴታ ነው። እናትዎ ስለ ሠራተኛዋ የተናገሩት ቃል ደግሞ ሳያውቁት ከሊቃውንቱ ሐሳብ ጋር ይገናኛል፤ ሕይወት ለማዳን የሚሠራ ሥራ በባዕድ ወይም በሕፃን እጅ እንዲሠራ መፈለግ እንደማይገባ፣ ይልቁንም በእስራኤል ዐዋቂዎች እጅ መሠራት እንዳለበት ታልሙድ ያስተምራልና።

ነገር ግን ከአደጋው ሰዓት በፊት የሚደረግ ዝግጅትም አለ፣ ብዙው መፍትሔ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ዓርብ ተከፍቶ የተተወ ስልክ በሰንበት ማንም ካልነካው ሰንበትን የሻረ ሰው የለም። ክንድ ላይ ዓርብ የተለጠፈ ሴንሰርም እንዲሁ ነው። እናትዎ ኤሌክትሪክን እሳት ነው ማለታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሽቦው የሚግል አምፖልን ወይም ፕላታን በሚመለከት ብዙ ሊቃውንት ያሉት ይህንኑ ነው። የማይግልና ብርሃን የማይሰጥ መሣሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ20ኛው መቶ ዘመን ሊቃውንት ሐዞን ኢሽ የኤሌክትሪክን ዑደት ማገናኘት እንደ ግንባታ ቆጥረው ሲከለክሉ፣ ረቢ ሽሎሞ ዛልማን አውርባክ ደግሞ ሙቀትና ብርሃን በሌለበት ከኦሪት የመጣ ክልከላ እንደማይገኝበት፣ ሕዝቡ ግን ከመንካት ተቆጥቦ እንደ ኖረ አስረድተዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ያልጋለ ነገር እሳት ነው አላሉም። ይህን ልዩነት ለእናትዎ በእርጋታ ማስረዳት የሚቻል ይመስለኛል። በአሎን ሽቩት የሚገኘው የጾሜት ተቋምም በተዘዋዋሪ መንገድ የሚሠሩ፣ ለሕሙማንና ለአረጋውያን የሚያገለግሉ የሰንበት መሣሪያዎችን ሲያዘጋጅ ዓመታት አስቆጥሯልና አንድ ጊዜ ጠይቋቸው።

ሁለተኛውን ጉዳይ፣ ማለትም የፕላታውን ነገር፣ ቢተዉት እመክርዎታለሁ። በረቢዎች ዘንድ በሰንበት ትኩስ ምግብ መብላት ከፍ ያለ ቦታ ያገኘበት ምክንያት አለው፤ የረቢዎችን ትምህርት የማይቀበሉት ቀራያውያን የተባሉ አይሁድ «እሳት አታንድዱ» የሚለውን ቃል ከእናትዎ አባቶች ጋር በሚመሳሰል መንገድ ስለ ፈቱት፣ ሊቃውንቱ ትኩስ ምግብ መብላትን የአፋዊው ሕግ፣ ማለትም በረቢዎች ቃል የተላለፈው ትምህርት፣ ምልክት አድርገው አጠበቁት። አምቦበር ውስጥ ግን ያ ክርክር አልነበረም። የእናትዎ አባቶች ሊቃውንቱን የተቃወሙ ሳይሆኑ ድምፃቸው ያልደረሳቸው ናቸው። ቀዝቃዛ ዳቦ የሚበሉ እናት ሕይወታቸው ለአደጋ አይጋለጥም፣ ክብራቸውም አይነካም። በዚህ ላይ ከተከራከሯቸው በዋናው ጉዳይ የሚያደምጥዎ ጆሮ ያጣሉ።


መልስ፦ ከኔታንያ

የወንድማችንን ትምህርት አከብራለሁ፤ ነገር ግን በፕላታው ላይ የተናገረውን አልቀበልም። እዚህ አገር ከገባን አርባ ዓመት ሊሞላን ነው። ልጆቻችን በአንድ ቤት አንድ ሕግ፣ በአያት ቤት ሌላ ሕግ እያዩ ካደጉ የትኛውን ሊይዙ ነው? የረቢዎች የሕግ መጽሐፍ ሹልሐን አሩክ ለሁሉም እስራኤል የተሰጠ ነው። እናታችንን ማክበር ማለት ያላወቀችውን ማሳወቅም ነውና፣ ልጇ በቀስታ ግን በጽናት ወደ አንድ ሥርዓት ሊያመጣት ይገባል እላለሁ።


መልስ፦ ነርስ፣ ከደቡብ

ወንድሜ፣ እኔ በአረጋውያን ቤት ለቤት እየዞርሁ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ብዙዎቹ ታማሚዎቼም የእኛው እናቶችና አባቶች ናቸው። የሕጉን ነገር ለሊቃውንት ትቼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናትዎ በሰንበት ጠዋት ኢንሱሊኑን የሚወጉት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ከዚያስ በኋላ እህል የሚቀምሱት መቼ ነው?

ይህን የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። በሥራ ቀን ጠዋት መርፌያቸውን ወግተው ወዲያው ቁርሳቸውን የሚበሉ፣ በሰንበት ግን መርፌውን በተለመደው ሰዓት ወግተው የጠዋቱ ጸሎት እስኪያልቅና ዳቦው እስኪባረክ ድረስ ምንም የማይቀምሱ እናቶች አጋጥመውኛል። ከምግብ ጋር እንዲሠራ የታዘዘ ኢንሱሊን ምግብ ካላገኘ ስኳሩን እያወረደ ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ የእናትዎ አደጋ ከመሣሪያው መጥፋት ሳይሆን ከሰዓቱ መፋለስ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔውም ሰንበትን አይነካም። ሐኪማቸው የሰንበቱን የመርፌ ሰዓትና መጠን ከሰንበቱ ማዕድ ጋር አስማምተው እንዲያዝዙላቸው ማድረግ ነው። እባክዎን መጠኑን በራስዎ አይቀይሩ፤ ለሐኪማቸው ግን ሰንበታቸው እንዴት እንደሚውል በዝርዝር ይንገሯቸው፤ ካልተነገራቸው በቀር ሐኪሞቹ ይህን አያውቁትም።

ሌላው የዓርቡ ዝግጅት ነው። ስልኩ ከእናትዎ ከጥቂት ሜትር በላይ ከራቀ ሴንሰሩ አይደርሰውምና፣ በመኝታ ክፍላቸው ከኤሌክትሪክ ጋር እንደ ተያያዘ፣ ስክሪኑ እንዳይታይ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ የሌሎች ጥሪዎች ድምፅ ሁሉ ጠፍቶ የስኳሩ ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲሰማ ሆኖ ይቀመጥ። ማስጠንቀቂያው ለእርስዎም ስልክ እንዲደርስ ሴንሰሩን ከእርስዎ ስልክ ጋር ያገናኙት። ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ መጀመር ያለበት ነገር ስኳር መቅመስ ነው፤ ከ54 በታች ከሆነ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ወደ 15 ግራም የሚጠጋ ስኳር፣ ይኸውም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ይበቃል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መጠኑ እንደገና ይታያል። ይህ ዓርብ ተዘጋጅቶ ከአልጋቸው አጠገብ ይደር። በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጭማቂ መጠጣት በየትኛውም ሥርዓት ሰንበትን አይሽርምና፣ ብዙ ጊዜ መጥሪያው ሳይነካ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

የጎረቤታቸውን ነገርም አይርሱት። ባለፈው ያዳነቻቸው እርሷ ናት። የቤቱ ትርፍ ቁልፍ በእጇ ይኑር፤ ስኳር ሲወርድ ሰው እንደሚያልበው፣ እንደሚንቀጠቀጥና ንግግሩ እንደሚደናገር ይንገሯት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም መስጠት እንደማይገባ፣ ወዲያውኑ ወደ 101 መደወል እንዳለበት አጥብቀው ያስረዷት።


ጠያቂ፦ የአምቦበር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ነርሷ፣ ጥያቄሽን እንዳነበብሁ እናቴ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋት። ነገሩ ያልሽው ሆኖ ተገኘ፤ በሰንበት መርፌውን የምትወጋው እንደ ሌላው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የተባረከው ዳቦ ከጸሎት ቤት እስኪመጣላት ድረስ፣ አንዳንዴ እስከ አራት ሰዓት፣ ምንም አትቀምስም። ለሐኪሟ ቀጠሮ ይዣለሁ።

መርፌውን በሰንበት ለምን እንደምትወጋ ስጠይቃት «መድኃኒት ነው፤ እግዚአብሔር ነፍሴን እንድገድል አላዘዘኝም» አለችኝ። ስለዚህ ሥሩ በልቧ አለ ማለት ነው። መጥሪያውን ግን አሁንም እምቢ ብላለች። ከኔታንያ ለጻፍህልኝ ወንድሜ፣ ሐሳብህን ተረድቼዋለሁ፤ ነገር ግን እናቴን በዚህ ዕድሜዋ ወደ እኔ ሥርዓት የማምጣት ፍላጎት የለኝም። የምፈልገው በራሷ ሰንበት ውስጥ በሕይወት እንድትኖርልኝ ነው። ቄስ ወስጄ ባነጋግራትስ? ቄሱ ቢናገሯትና እንኳን እምቢ ብትል፣ ስልኩን ሳታውቅ ከፍቼ ብደብቀው ኃጢአት ይሆንብኛልን?


መልስ፦ የቄስ ልጅ

ልጄ፣ ከአንተ ሳልበልጥ አልቀርምና እንዲህ ብዬ ብጠራህ ቅር አይበልህ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እኔም የመጣሁት በሱዳን በኩል ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ከአገራችን ስንወጣ የምንጓዘው ሌሊት ነበር፤ ቀን በጫካ ተደብቀን እንውል ነበር። ዓርብ ሲመሽ መቆም ልማዳችን ነውና የመጀመሪያውን ሰንበት ቆምን። በሁለተኛው ሰንበት ግን ከቆምንበት ስፍራ ሽፍቶች እንዳሉ መሪያችን ነገረን። ሴቶችና ሕፃናት አብረውን ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ተነሡ፤ ይህ ሕዝብ ኢየሩሳሌም ገብቶ ብዙ ሰንበት ያከብር ዘንድ ዛሬ እንሄዳለን» አሉ። ታልሙድን አያውቁም፤ ስሙንም ሰምተው አያውቁም። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት በመጣው መጽሐፍ ላይ «ብዙ ሰንበት ያከብር ዘንድ ስለ እርሱ አንድ ሰንበት ሻር» የሚለውን ቃል ሲያነብልኝ፣ የአባቴን ቃል በሌላ ሰው አፍ እንደ ሰማሁ ያህል ተሰማኝ። ስለዚህ ከኔታንያ የጻፍከው ወንድሜ፣ እናቶቻችን ያላወቁትን እናሳውቃቸው ያልከው በዚህ ጉዳይ አይሠራም፤ ያውቁታልና።

አሁን ወደ እናትህ ልመለስ። በዘመቻ ሰሎሞን መጣች ብለሃል። ያ ዘመቻ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 24 እስከ 25 ቀን 1991 ነበር፤ ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ነው። አንድ ቀን ተኩል በማይሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ ተጓጉዘው ሲያልቁ፣ ሰንበት ገባ ተብሎ በረራው አልቆመም። ቄሶቻችን ከሕዝቡ ጋር በአውሮፕላኖቹ ተሳፈሩ። አዲስ አበባ በጦር ተከብባ ስለ ነበር ማንም «ሰንበት ይውጣና እንሂድ» አላለም። እናትህ በየትኛው ሰዓት እንደ ተሳፈረች አላውቅም፤ እርሷ ግን ታስታውሳለች። ያን ቀን ስለ ሕይወት ስትል የተጓዘች እናት ዛሬ ስለ ሕይወት ብላ ቁልፍ ለመጫን የምትፈልገው ማስረጃ ከእኔም ከአንተም አይደለም፤ ከራሷ ታሪክ ነው። ይህን ግን አንተ እንዳትነግራት። የልጅ ማስረጃ ለእናት ክርክር ይሆንባታል። የምታከብራቸው ቄስ ይንገሯት።

ቄሱ ዘንድ ስትሄድ ደግሞ ብቻህን ቀድመህ ሂድና የሕመሙን ነገር፣ ባለፈው ክረምት የሆነውን፣ መሣሪያው የሚሠራውን ሁሉ አስረዳቸው፤ መጥሪያውን በእጃቸው አሲዘህ አሳያቸው። ከቄሶቻችን ብዙዎቹ ራሳቸው አረጋውያን ናቸውና ይረዱሃል። ከዚያ በሥራ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ተረጋግተው ሳሉ ወደ እናትህ ቤት ይምጡ። ዓርብ አይሁን፤ ዓርብ እናትህ ቤቷን ስታዘጋጅ ነው የምትውለው።


መልስ፦ የቤተ ሚድራሽ ተማሪ

አባታችን የተናገሩትን ካነበብሁ በኋላ በመጨረሻው ጥያቄዎ ላይ ጥቂት ልጨምር።

በሰንበት መሻር ምክንያት አልታከምም ስላለ ሕመምተኛ የተጠየቁ አንድ ታላቅ ሊቅ አሉ፤ ረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ፣ በአጭር ስማቸው ራድባዝ ይባላሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን በግብፅ የአይሁድ መሪ ነበሩ። መልሳቸው ጠንካራ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ጽድቁ ስንፍና ነውና እግዚአብሔር ደሙን ከእጁ ይፈልገዋል፣ ሊታከም የሚገባውም ግድ ተብሎ ነው ብለዋል። ይህን የምጠቅሰው በሌላም ምክንያት ነው። የሐበሻ አይሁድ ከዳን ነገድ መሆናቸውን የጻፉት እኚሁ ራድባዝ ናቸው፤ የእስራኤል የሴፋርዲም ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍም እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ሲወስኑ በእርሳቸው ቃል ላይ ተደግፈዋል። እናትዎ ወደዚህች አገር የገቡበትን በር የከፈተው ሊቅ፣ ሕይወታቸውን እንዲጠብቁም የሚያዝዛቸው ሊቅ አንድ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ የራድባዝ ቃል አደጋው ሲደርስ ለሚሆነው ነው። እናትዎ ወድቀው፣ ወይም ስኳራቸው ከ54 በታች ወርዶ እምቢ ቢሉ አይስሟቸው፤ የሚገባውን ያድርጉ። አደጋው ሳይደርስ ግን ማስገደድና መደበቅ ሌላ ነገር ነው። ዓርብ ስልኩን ከፍተው ቢተዉ ሰንበት አይሻርም፤ ነገር ግን እናትዎን ማታለል ይሆናል። ከዚያም በላይ አንድ ሌሊት ማስጠንቀቂያው ከቁም ሣጥን ውስጥ ቢጮህና እንደ ተታለሉ ቢያውቁ፣ ከዚያ በኋላ ሴንሰሩንም መርፌውንም ሊጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ አይደብቁ።

እንዴት እንደሚናገሯቸውም ሊቃውንቱ አስተምረዋል። ኦሪት «ሰው ሁሉ እናቱንና አባቱን ይፍራ፣ ሰንበታቴንም ጠብቁ» ብላ ሁለቱን በአንድ ጥቅስ ያስቀመጠችው፣ ወላጅ ሰንበትን ሻር ቢል እንዳይሰማ ለማስተማር ነው ይላሉ። ሕግን የዘነጋ ወላጅ ግን «ተሳስተሃል» ተብሎ አይገሠጽም፤ ልጁ «አባቴ ሆይ፣ በኦሪት እንዲህ ተብሎ አልተጻፈምን?» እያለ እንደሚጠይቅ ሆኖ ያስታውሰዋል። ቄሱ በሚመጡበት ቀን እርስዎ መልስ ይዘው አይቅረቡ፤ እናትዎ ባሉበት ቄሱን ይጠይቁ። «አባ፣ በሰንበት ነፍስ ብትጨነቅ ምን እናድርግ?» ይበሉ፤ መልሱን ቄሱ ይስጡ። የኢየሩሳሌም ታልሙድ በዚህ ጉዳይ በአደጋው ሰዓት የሚጠይቀውን ብቻ ሳይሆን የሚጠየቀውንም ይነቅፋል፤ አስቀድሞ ለሕዝቡ ማስተማር ነበረበትና። ቄሱ ፈቃደኛ ከሆኑም ይህንኑ በጸሎት ቤቱ ለሁሉም እንዲያስተምሩ ይለምኗቸው፤ በእናትዎ ዕድሜና ሕመም ያሉ ሌሎችም አሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እናትዎ መጥሪያውን አሁንም ቢያወልቁት፣ የሚቀረው እናት አባትን ማክበር ምን እንደሆነ ታልሙድ ሲዘረዝር ያስቀመጠው ነው፤ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ማልበስ፣ ማስገባትና ማስወጣት ይላል። ዓርብ ከመምሸቱ በፊት በእግርዎ ይሂዱና እዚያው ይደሩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትልቁ ልጅዎ ይተካዎት። የስኳሩ መለኪያ በእናንተ ስልክ ይሁን፣ ስልኩም ከእርሳቸው ከጥቂት ሜትር ሳይርቅ በእናንተ ክፍል ይደር። በቤታቸው እሳት አይነድም፣ ቀዝቃዛውን ዳቦ አብራችሁ ትበላላችሁ፤ አደጋ ቢደርስም መጥሪያውን የሚጫን እጅ በቤቱ ውስጥ አለ።